ከፋይ ለብሰው ከፋይ ያጡ ወንበሮች

ሶፋ ሠሪው በሰፈሩ የሚታወቀው በእጁ ሙያና "እሺ" በማለቱ ነው። እሱ የሠራው ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳ "በቃ ልሂድ" እያለ ያመሻል፤ ይህ ሙያው ነው። ደንበኛ "ለሳምንት ይደርሳል?" ሲለው፣ እንደማይደርስ ልቡ እያወቀ "እሺ" ይላል፤ ይህ ደግሞ አመሉ ነው። እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። የትዳሩን ጥያቄ እንኳ ያቀረበችው ሚስቱ እንደሆነች፣ የሱ ድርሻ እንደለመደው "እሺ" ማለት ብቻ እንደነበረ ዘመድ ሁሉ ያወራል። እዚያ ላይስ ቀንቶታል።

አንድ ቀን፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሰውዬ ወርክሾፑ መጣ። ሲኒማ ቤት እያስገነባ ነው።

"ሁለት መቶ ወንበር እፈልጋለሁ" አለ። "አራት አራቱ በአንድ ብረት የተያያዙ፣ መቀመጫቸው የሚታጠፍ፣ ቀይ ከፋይ የለበሱ።"

"እሺ" አለ ሶፋ ሠሪው።

የተሰጠው ቀብድ ለምስማር እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ከባንክ ተበድሮ ትልቅ የእንጨት ማሽን ገዛ። እንጨቱን ከእንጨት ነጋዴው፣ ስፖንጁን ከስፖንጅ ነጋዴው በዱቤ ወሰደ። ለጨርቁ የጎደለውን ደግሞ አማቱን ጠየቀ። አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ገንዘቡን አምጥተው እጁ ላይ ካስቀመጡለት በኋላ "ለልጄ እንዳትነግራት" አሉት። እሱም ምን ይላል፣ "እሺ" አለ።

ወንበሮቹ ደረሱ። ሲኒማ ቤቱ ግን አልደረሰም። ሕንጻው ጣራ ሊለብስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ፤ ባለቤቱም የውሃ ሽታ ሆነ። አንዱ ባሕር ተሻግሯል አለ፣ ሌላው ታስሯል አለ። የሕንጻው ዘበኛ ደግሞ "ካገኛችሁት ለኔም ንገሩኝ፣ ደሞዜን ይዞብኝ ነው የጠፋው" አለ።

እነዚያ ሁሉ ወንበሮች ወርክሾፑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልተው ተደረደሩ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ፊታቸው የዞረው ወደ መጸዳጃ ቤቱ በር ነበር፤ ሶፋ ሠሪው ከዚያ በር በወጣ ቁጥር ለተመልካች እጅ መንሳት ይቃጣው ጀመር። ከፋይ ለብሰው ከፋይ ያጡ ወንበሮች! አንድ አንድ ቢሆኑ ኖሮ እኮ የሆነ ሰው ይገዛቸዋል። አራት ሆነው የተጣበቁትን ግን ማን ቤት ያስገባቸዋል?

ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። "ኪሳራ" የምትለዋን ቃል ካፉ አያወጣትም ነበር፤ ስትጠራ ሰምታ የምትመጣ ይመስል "ያቺ ነገር" ይላታል። ስልኩ ሲጮህ ትራስ ሥር ይቀብረዋል። የእንጨት ነጋዴው ሱቅ ባለበት መንገድ ላለማለፍ ሲል ሰፈሩን ዞሮ፣ ገበያውን ዞሮ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሥራ ይገባል። ምግብ አልወርድለት ሲል ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ ሆዱን ጫን ጫን አደረገ፣ ምላሱን አየ።

"ምንም የለብህም" አለው።

"ዶክተር፣ እባክዎ ይህንኑ ለባንኩ ይጻፉልኝ!"

ሐኪሙ አልገባውም። የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈለት።

ጸሎትም ሞክሯል። ተንበርክኮ ገና አፉን ከመክፈቱ፣ ባለፈው ዓመት "የባንኩን ብድር ብቻ አስፈቅድልኝ" ብሎ የተሳለውን ስለት እስካሁን እንዳላገባ ትዝ አለው። እዚህም ባለዕዳ ነው! ጉልበቱን አራግፎ ተነሳ። ደግነቱ እዚህኛው አበዳሪ ስልክ አይደውልም።

ሶፋ ሠሪው ታናሽ ወንድም አለው፤ ሥራ ኖሮት የማያውቅ፣ ሐሳብ አጥቶም የማያውቅ ሰው ነው። ወርክሾፑ መጥቶ ወንበሮቹን ሲያይ ዓይኑ በራ።

"እንጉዳይ እናብቅልባቸው" አለ። "ቤቱ ጨለማ ነው፣ እርጥበት አለው፣ ከፋዩ ደግሞ ውሃ ይይዛል።"

"እንጉዳዩንስ ማን ይገዛናል?"

"እሱን ከበቀለ በኋላ እናስብበታለን።" ወንድሙ በወንበሮቹ መሃል ተንጎራደደና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አለዚያ ለምን አናቃጥለውም?"

"ምኑን?"

"ወርክሾፑን ነዋ! ኢንሹራንሱ ይከፍልሃል።"

"ኢንሹራንስ የለኝም።"

ወንድሙ ትንሽ አሰበ። "እንግዲያው እሳት እንዳይነሳ ተጠንቀቅ" አለው።

በመጨረሻ ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ረድፍ ወንበር በኪራይ ፒካፕ ላይ ጭነው ቤት ለቤት ሊሸጡ ወጡ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲሳቅባቸው ዋለ። ከተኳረፉ የሰነበቱ ባልና ሚስት ብቻ ቁም ነገር ብለው ጠየቋቸው። ባል አንደኛው ጫፍ ላይ፣ ሚስት ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሞከሩት፤ መሃላቸው ሁለት ባዶ ወንበር ቀረ።

"ይበቃናል" አለች ሚስት።

"ይበቃታል በሏት" አለ ባል፣ ለወንድማማቾቹ።

ገዙት። ገንዘቡ ለፒካፑ ኪራይ ሄደ።

ከድጡ ወደ ማጡ ሆኖ ከርሞ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቤቱ በር ተንኳኳ። ሶፋ ሠሪው በመስኮት አጮልቆ ሲያይ እንጨት ነጋዴው ነው፤ ትከሻው ብቻ በሩን ይሞላል። እግሬ አውጪኝ ብሎ መኝታ ቤት ገባና ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተወሸቀ። ቁም ሳጥኑን የሠራው ራሱ ነው፤ በሩ ግጥም ብሎ የሚዘጋ፣ አየር የማያስገባ። ሙያው መጥፎ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት ብሎ ተመኘ።

ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት። ባሏ የባንክም የነጋዴም ዕዳ እንዳለበት ታውቃለች፤ የእናቷን ብቻ ነው የማታውቀው። በሩን ከፈተች።

"የለም" አለች።

"ጫማው እዚህ ነው" አለ እንጨት ነጋዴው ወደ ምንጣፉ እየጠቆመ። "እግሩን ብቻ ይዞ ወጣ?"

"ሌላ ጫማ አድርጎ ነዋ!"

"ዕዳ ሳይከፍሉ ሁለት ጫማ?" ገብቶ ሶፋው ላይ ተዘረጋ። "እጠብቀዋለሁ።"

ብዙም ሳይቆይ ስፖንጅ ነጋዴው መጣ። ቀጭን፣ ይቅርታ ሳይጠይቅ ዓረፍተ ነገር መጀመር የማይችል ሰው ነው። "ይቅርታ፣ ከተቻለ እኔም ልጠብቀው" ብሎ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሚስቱ የምትገባበት ቢጠፋት ሻይ አፈላች። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰው ስኳሩ ሲማሰል ይሰማል። የቀሚስ መስቀያ አንገቱ ላይ ተሰክቶበታል፤ ሊያወልቀው ቢሞክር ሌላው ይንኳኳል።

በዚህ ላይ ጉድ ፈላ፤ አማቱ መጡ። ልጃቸውን ስመው፣ እንግዶቹን በጭንቅላታቸው ሰላም ብለው፣ ካፖርታቸውን ሊሰቅሉ በቀጥታ መኝታ ቤት ገቡና ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። ሶፋ ሠሪው ጉልበቱን ከአገጩ ጋር አጋጥሞ ቁጢጥ ብሏል።

"እንደምን አደሩ፣ እማማ" አለ፣ ሌላ የሚለው ቢጠፋው።

"እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ማጠፊያውን እያየሁ ነበር።"

"ከውስጥ?"

"ብዙ ጊዜ ከውስጥ ነው የሚበላሸው።"

አማቱ ካፖርታቸውን እላዩ ላይ ሊሰቅሉበት ያሰቡ ይመስል ጥቂት ቆሙ። "ውጣ፣ ልጄ" አሉት። "የምትፈራው ነገር ሳሎን ቁጭ ብሎ የኛኑ ሻይ እየጠጣ ነው። አንተ እዚህ ታፍነህ ብትሞት ዕዳው አብሮህ አይሞትም፤ ለልጄ ነው የሚተርፋት።"

"እማማ፣ ሰዎቹ እኮ..."

"ሰዎቹ ምን? እኔስ ያበደርኩህ አይደለሁም? እኔንስ አትፈራኝም?"

"እርስዎንማ ከሁሉም አብልጬ ነው የምፈራዎ።"

"ደግ አደረግህ። ውጣ።"

ይህን ሲሉ ሚስቱ የሻይ ትሪ ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር።

"እማዬ፣ ምን አልሽ?"

ሶፋ ሠሪው ሚስቱ ስትጮህ አይፈራትም፤ ዝም ስትል ነው የሚፈራት። አሁን ዝም አለች። ከባሏ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ ባሏ አየች።

"የጡረታሽን ነው የሰጠሽው?"

"ለቀብሬ ያስቀመጥኳትን" አሉ እናትየው፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንደሚያወራ ሰው። "ምን ቸገረኝ? በዚያን ዕለት ሒሳብ የምከፍለው እኔ አይደለሁም።"

"አንተ!" አለች ሚስትየው። "ሰው ካማቱ ቀብር ላይ ይበደራል?"

ባልየው አፉን ከፈተ፣ መስቀያው አንገቱ ላይ ተወዛወዘ። ሚስቱ ትሪውን አልጋው ላይ አስቀምጣ መስቀያውን መንጭቃ አወለቀችለትና ትሪዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለት ወር ያህል በቀጥታ አላናገረችውም። "እራት ቀርቧል" የምትለው ለግድግዳው ነው።

ሳሎን ሲገቡ እንጨት ነጋዴው ብድግ አለ። "አሃ! ከየት ተገኘ?" ሲል አማትየው በእጃቸው አስቀመጡት። ዕድሜ ልካቸውን ልጅ ሲያስቀምጡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ያ ሁሉ ትከሻ ተመልሶ ሶፋው ውስጥ ሰመጠ።

"አንድ በአንድ" አሉ። "መናገር የሚፈልግ እጁን ያውጣ።"

እንጨት ነጋዴው እየተቆጣ እጁን አወጣ። "እትዬ፣ ይህ ሰው ስልኬን አያነሳም! እኔን እኮ ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም።"

"ገንዘቡ አይደለም?"

"ገንዘቡም ነው" አለ ነጋዴው። "ግን ዓይኔን አይቶ መንገድ መቀየሩ! እኔ ጅብ ነኝ?"

ሁሉም ሶፋ ሠሪውን አዩት። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። የሚለውን ሲፈልግ፣ ስንት ሌሊት ሲያሰላስላቸው የከረሙት ማመካኛዎች ሁሉ ጥለውት ሄዱ።

"የለኝም፣ ጋሼ" አለ። "ሲኒማ ቤቱ ቀረ፣ ሰውዬው ጠፋ፣ ወንበሩ ተከመረ። ከሰርኩ።"

ወጣች። ያቺ ቃል ካፉ ወጣችና ሳሎኑ ውስጥ ቆመች። ጣራው ግን አልተደረመሰም። እንጨት ነጋዴው ሻዩን ጠጣና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ይቺን በስልክ ብትነግረኝ ኖሮ ነዳጄን አልጨርስም ነበር" አለ።

ስፖንጅ ነጋዴው እጁን እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ አወጣ። "ይቅርታ፣ እኔ እንኳ ልጨቀጭቀው አልመጣሁም። የስፖንጅ ፋብሪካው ሰዎች እኔን ፍለጋ ቤቴ መጥተው ነው። መሄጃ ባጣ ጊዜ እዚህ መጣሁ። እኔ ቤት ቁም ሳጥን የለም።"

መጀመሪያ የሳቀው እንጨት ነጋዴው ነው። ሆዱን ይዞ ሲስቅ ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። አማትየው እንኳ መሀረባቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

"ይቅርታ፣ ግን" አለ ስፖንጅ ነጋዴው ሳቁ ልብ ሰጥቶት። "ትናንት ባንክ፣ ከትናንት ወዲያ ደግሞ የግብር ጉዳይ ስጠብቅ ቆሜ ነው የዋልኩት። እግሬ እንዳበጠ ጥርሴን ልታከም ብሄድ እዚያም ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሰው ተደርድሮ የሚቀመጠው ሲኒማ ቤት ብቻ ነው እንዴ? አገር ምድሩ ወረፋ ይጠብቃል፤ መቀመጫ ግን የለውም።"

ሚስትየው ጓዳው በር ላይ ቆማ "እኔ ፀጉር ቤትም ሴቶቹ ማድረቂያው ካስክ ሥር እስኪገቡ ቆመው ነው የሚጠብቁት" አለች፣ ለግድግዳው።

"እጅህን አውጥተህ ሳትጨርስ ነው የተናገርከው" አሉ አማትየው ለስፖንጅ ነጋዴው፣ "ግን ጥሩ ተናገርክ።"

"እሱ ይሁን፣ ወንበሩ ይሸጥ" አለ እንጨት ነጋዴው። "እስከዚያ እኔ ማሽኑን እወስዳለሁ። ሰኞ መኪና እልካለሁ።"

ሶፋ ሠሪው እንደለመደው "እሽ..." ብሎ ጀመረና ቃሉን ነክሶ ያዛት።

"አይሆንም፣ ጋሼ" አለ።

ሚስቱ ዘወር ብላ አየችው። በትዳር ዘመናቸው ይህን ቃል ካፉ ሰምታው አታውቅም።

"ማሽኑ የባንክ መያዣ ነው። ለእርስዎ ከሰጠሁ ኪሳራው ላይ ሌብነት ጨመርኩ ማለት ነው።" ሁለት እጁን ዘረጋ። "እጄ ግን የማንም መያዣ አይደለም። እርስዎ እንጨት ይሸጣሉ፤ ሰው ደግሞ በርና መስኮት ተሠርቶ እንዲሰጠው ይፈልጋል። መጋዘንዎ ውስጥ ልሥራልዎ። ከደሞዜ ግማሹን ለዕዳው ያስቀሩ።"

እንጨት ነጋዴው አገጩን አሸ። "ቀጠሮ አታከብርም ይሉሃል።"

"አይደርስም ማለት አላውቅም ነበር። አሁን እየተማርኩ ነው።"

"ጠዋት ገና በሩ ሲከፈት ትገባለህ። አንድ ቀን ብታረፍድ አማትህን ነው የምጠራው!"

ሰኞ ሶፋ ሠሪው ባንክ ሄደ። አማቱም አብረው ሄዱ፤ ልደግፈው ነው አሉ እንጂ እውነቱ መንገድ ላይ እንዳይሾልክ ነው። የብድር ክፍል ኃላፊዋ ወጣት ሴት ናት። ሶፋ ሠሪው ከተቀመጠበት ሳይደላደል ሁሉንም ዘረገፈላት፤ መክፈል አልቻልኩም፣ ማሽኑ እነሆ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ደሞዜ ይህን ያህል ናት።

"በራስዎ እግር መምጣትዎ ጥሩ ነው" አለችው። "ሌላውን እኛ ነን ፈልገን የምናመጣው። ማሽኑ ይሸጥ፤ የቀረውን በረጅም ጊዜ እንበትንልዎታለን።"

"አታስሩኝም?"

"አስረንዎት ምን እናተርፋለን? እስር ቤት ሆነው ይከፍሉናል?" አለች። አነጋገሯ ነገሩ ከዚህ በፊት በስብሰባ የተነሳ ያስመስል ነበር።

ወንበሮቹ ቀስ በቀስ ሄዱ። ትርፍማ የት ተገኝቶ! ከወጪያቸው በታች ነው የተሸጡት። የአውቶቡስ ቲኬት ቢሮው ወሰደ፣ ጎማ ጠጋኙ አንድ ረድፍ ወሰደ፣ ሦስት ፀጉር ቤቶች ተሻሙ። የጥርስ ሐኪሙ ጨርቁን ዳሰሰና "ቀይ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ደም አያሳይም" አለ፤ ግድግዳ ተደግፈው ከቆሙት ታካሚዎች ሁለቱ ወጥተው ሄዱ። ባንኩ ግን አልገዛም። ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ ቶሎ ይስማማል መሰለኝ። ታናሽ ወንድሙ ከሁሉም ይልቅ በሻጭነቱ አስገረመ፤ ያ ሁሉ ምላስ ለካ ሥራ አጥቶ ነበር። አልሸጥ ያሉትን የመጨረሻዎቹን ረድፎች ስፖንጅ ነጋዴው በዕዳው ፋንታ ተቀበለ። "ይቅርታ፣ ስፖንጄ ወንበር ለብሶ ተመለሰልኝ" ብሎ ጭኖ ሄደ።

ወርክሾፑን ግን ማትረፍ አልተቻለም። ኪራዩ ከደሞዙ ይበልጣል። ቁልፉን ለአከራዩ የሚያስረክብበት ቀን፣ ሶፋ ሠሪው ሊጠርግ ሲሄድ ሚስቱ ሳይጠራት መጥረጊያ ይዛ ተከተለችው። እሱ ከወዲያ፣ እሷ ከወዲህ መጥረግ ጀመሩ። ያለ ወንበር፣ ያለ ማሽን ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ መጥረጊያው ሲንፏቀቅ ድምፁ ያስተጋባል። አባቱ የሞቱ ዕለት እንኳ እንዲህ አላዘነም ነበር፤ አባቱ ቢያንስ አርጅተው ነበር። ወደ ጥግ ዞሮ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

የሰጋቱራው ብናኝ ተነሳና ሚስቱ አስነጠሳት።

"ይማርሽ" አላት ሳይዞር።

"ያኑርህ" አለች።

ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። የጨዋ ልጅ ናትና አምልጧት ነው፤ "ይማርሽ" የተባለ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ግን ወጥቷል፣ አይመለስም። መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

"ዋሽተኸኛል" አለችው።

"ዋሽቼሻለሁ።"

"ገንዘቡ አይደለም እኮ የከነከነኝ። እናንተ ሁለታችሁ ሹክሹክ ስትሉ እኔ በመሃል ሞኝ ሆኜ መክረሜ ነው።"

"አፍሬ ነው" አለ። "ሌላ ምክንያት የለኝም። ብፈልግም አላገኝም።"

ከሳ ያለ ፊቱን፣ አቧራ የለበሰ ቅንድቡን አየች።

"አሁን ምን ቀረን?"

"የባንኩ አለ። የእንጨቱ አለ፤ እሱ በደሞዜ ይወርዳል።" ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። "ከዚያ እናትሽ አሉ። ባንኩን በአምስት ዓመት እንጨርሰዋለን። እናትሽን ግን የምንጨርሳቸው አይመስለኝም።"

መጥረጊያዋን አንስታ ትከሻውን ስትለው እየሳቀች ነበር። በዚህ መሃል አከራዩ ቁልፉን ሊቀበል ገባና ባልና ሚስት ሲደባደቡ ያገኘ መስሎት "ኧረ ተዉ፣ ንብረት ይመለሳል!" እያለ ሊገላግል መሃላቸው ገባ።